ተጫዋቹ የማን ነው? የክለቡ ወይስ የአገሩ?

በታኅሣሥ ወር 2018 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በሞሮኮ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፥ ከሥራ በኋላ በምንሰበሰብበት አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ሁለት ወዳጆቼ ብርቱ ክርክር ገጥመው ነበር። አንደኛው የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ሁለተኛው የሕግ ተማሪ ነው። የክርክራቸውም ምክንያት በአውሮፓ የሚጫወቱት አፍሪካውያን ከክለቦቻቸው የሚለቀቁበት ቀን በአንድ ሳምንት እንዲዘገይ መደረጉ ነበር።

የባንክ ሠራተኛው፥ «ደመወዙን በየወሩ የሚከፍለው ክለቡ ነው፤ ቢታመም የሚያሳክመው ክለቡ ነው፤ ታዲያ በከፈለበት ሰው ሌላ እንዴት ያዝዝበታል?» ይላል። የሕጉ ተማሪ ደግሞ፥ «ወንድሜ፥ አንተ ሰውን እንደ ተከራየ መኪና ነው የምታየው። አገር ስትጠራ የደመወዝ ሒሳብ አይነሣም» ብሎ ይመልሳል። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ክርክሩ ግን አልበረደም። በመጨረሻም ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው፥ «አንተ ጋዜጣ ላይ የምትጽፍ ሰው ነህ፤ እስቲ ፍረድ» አሉኝ።

ሳያጠኑ መፍረድ ነውር ስለ ሆነ በዚያ ምሽት ዝም አልሁ። ከዚያ ወዲህ ደንቡንም ታሪኩንም ለመመልከት ሞክሬአለሁና የደረስሁበትን ለሁለቱ ወዳጆቼና ለአንባብያን እነሆ አቀርባለሁ። አገራችንን ከሚመለከተው በቀር በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ደንቡ ምን ይላል?

ብዙ ሰው ተጫዋች ወደ ብሔራዊ ቡድን የሚሄደው በክለቡ በጎ ፈቃድ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የዓለም እግር ኳስ የበላይ ድርጅት የሆነው ፊፋ ስለ ተጫዋቾች ይዞታና ዝውውር ባወጣው ደንብ መጨረሻ ላይ ይህንኑ ጉዳይ ብቻ የሚመለከት አባሪ አለ። በአባሪው መሠረት ማናቸውም ክለብ፥ በዓለም አቀፉ የጨዋታ የቀን መቍጠሪያ በተመደቡት ቀናት፥ አገሩ የጠራችውን ተጫዋች የመልቀቅ ግዴታ አለበት። ክለቡና ተጫዋቹ ይህን የሚያፈርስ ውል ቢዋዋሉ እንኳ ውሉ የተከለከለ ነው።

ክለቡ ስለ መልቀቁ ከጠሪው ፌዴሬሽን ካሣ የመጠየቅ መብት የለውም። የጉዞውን ወጪ ፌዴሬሽኑ ይችላል፤ ደመወዙ ግን ከክለቡ ሣጥን መውጣቱን አያቋርጥም። ተጫዋቹ በአገሩ ማልያ በሚጫወትበት ጊዜ ለሚደርስበት ሕመምና አደጋ ኢንሹራንስ የሚገባለትም ያው ክለቡ ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ ፌዴሬሽኑ የሚጠበቅበት ሥርዓት አለ። ተጫዋቹን የሚፈልግ ፌዴሬሽን የተመደቡት ቀናት ከመጀመራቸው ቢያንስ ከ15 ቀን በፊት ለተጫዋቹ በጽሑፍ ማስታወቅ፥ ለክለቡም በዚያው ጊዜ በጽሑፍ መንገር አለበት። ክለቡም በ6 ቀን ውስጥ መልቀቁን ያረጋግጣል። ክለቡ እንቢ ቢል ፌዴሬሽኑ የፊፋን እርዳታ የሚያገኘው፥ አስቀድሞ ክለቡን ጠይቆ ያልተሳካለት እንደ ሆነና አቤቱታውንም ከጨዋታው ቢያንስ 5 ቀን በፊት ያቀረበ እንደ ሆነ ነው። «ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» የሚለው የአገራችን ተረት በዙሪክ ከተማም የሚሠራ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ተጫዋቹ ታምሜአለሁ ቢል፥ ፌዴሬሽኑ በራሱ ሐኪም ሊያስመረምረው ይችላል። ሳይለቀቅ የቀረ ወይም ጥሪውን ያልተቀበለ ተጫዋች ደግሞ፥ ለአገሩ መጫወት በነበረበት ጊዜና ከዚያም በኋላ ለ5 ተጨማሪ ቀናት ለክለቡ እንዳይጫወት ይከለከላል። ይህች የ5 ቀን ቅጣት ትንሽ ትመስላለች፤ ሆኖም ክለቦች ከገንዘብ መቀጮ ይልቅ የሚፈሯት እርሷን ነው።

እንግዲህ በወረቀት ላይ ሲታይ የሕጉ ተማሪ ወዳጄ ረትቷል። ታሪኩ ግን በወረቀቱ አያበቃም።

የሻርለርዋ ክለብ ክስ

በኅዳር ወር 2004 ሞሮኮ ከቡርኪና ፋሶ ጋር የወዳጅነት ጨዋታ አደረገች። በዚያ ጨዋታ ለሞሮኮ የተሰለፈው አብደልመጂድ ኡልመርስ የሚባለው ተጫዋች ክፉኛ ተጎዳ፤ ስምንት ወር ያህልም ሜዳ ሳይገባ ቀረ። ኡልመርስ የሚጫወትበት ሻርለርዋ የሚባለው የቤልጅግ ክለብ ሀብታም ክለብ አልነበረም። በዚያ ዓመት በሊጉ ከላይኞቹ ተርታ ደርሶ ስለ ነበር፥ «ተጫዋቼን አበድሬ ተሰብሮ ተመለሰልኝ፤ ሐኪምም ደመወዝም የከፈልሁ እኔ ነኝ፤ ካሣ ይገባኛል» ብሎ ፊፋን በከተማው የንግድ ፍርድ ቤት ከሰሰ።

ይህ ክስ ብቻውን ቢቀር ምናልባት ተረስቶ ነበር። ዳሩ ግን ጂ-14 በሚል ስም ተባብረው የነበሩት የአውሮፓ ታላላቅ ክለቦች ከሻርለርዋ ጎን ቆሙ። የንግድ ፍርድ ቤቱም በ2006 ጥያቄውን በሉክሰምቡርግ ወደሚገኘው የአውሮፓ ፍርድ ቤት መራው። ፊፋ ሰዎችን ያለ ዋጋ እያስወሰደ በዓለም ዋንጫ ብዙ ገንዘብ የሚያገኝ ከሆነ፥ ይህ አሠራር ከአውሮፓ የንግድ ውድድር ሕግ ጋር ይስማማልን? ጥያቄው ይህ ነበር። መልሱ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ መናገር የሚችል ሰው አልነበረም፤ ይህም ሁለቱንም ወገን ሳያስፈራ አልቀረም።

ስለዚህ በጥር ወር 2008 ዕርቅ ተደረገ። ጂ-14 ፈረሰ፤ በምትኩ የአውሮፓ ክለቦች ማኅበር ተመሠረተ፤ ክሱም ተነሣ። ፊፋና የአውሮፓው ዩኤፋ ለዓለም ዋንጫና ለአውሮፓ ዋንጫ ተጫዋች ለሚለቁ ክለቦች ገንዘብ ለመክፈል ተስማሙ። ለ2010ሩ የዓለም ዋንጫ የተመደበው 40 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2014 ይህ ወደ 70 ሚሊዮን ከፍ አለ፤ በ2018ና በ2022 ለእያንዳንዳቸው 209 ሚሊዮን ሆነ፤ ለ2026ቱ ደግሞ ማጣሪያውን ጨምሮ 355 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ።

ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ፊፋ ለብሔራዊ ቡድን ሲጫወት ለተጎዳ ተጫዋች ለክለቡ የደመወዝ ካሣ የሚከፍልበትን ዕቅድ አቆመ። ጉዳቱ ከ28 ቀን ካለፈ፥ በቀን እስከ 20,548 ዩሮ፥ በጠቅላላውም እስከ 7.5 ሚሊዮን ዩሮ ድረስ ይከፈላል። በኅዳር ወር 2023 የባርሴሎናው ወጣት ጋቪ ስፔን ከጆርጂያ ጋር ስትጫወት ጉልበቱ ተቀድዶ አሥራ አንድ ወር ያህል ከሜዳ በራቀ ጊዜ፥ ብዙ ሰው ስለዚህ ዕቅድ መኖር የሰማው ያኔ ነበር።

እዚህ ላይ የባንክ ሠራተኛው ወዳጄ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ክለቦች የጠየቁት ነገር ፍትሕ ያለበት ጥያቄ እንደ ነበረ እኔም አምናለሁ። አደጋው የሁለት ሲሆን ኪሣራውን አንዱ ብቻ ይሸከም ማለት አይገባም። ነገር ግን የ2008ቱን ዕርቅ ደግሞ ለተመለከተ ሰው አንድ ነገር ይታየዋል። በዕርቁ የተጠቀሱት ውድድሮች የዓለም ዋንጫና የአውሮፓ ዋንጫ ነበሩ። ክሱ የተነሣው ግን ሁለት የአፍሪካ ቡድኖች ባደረጉት ጨዋታ በተጎዳ አፍሪካዊ ተጫዋች ምክንያት ነበር። በአፍሪካ ተጫዋች እግር ላይ የተጀመረው ነገር አፍሪካ በሌለችበት ጠረጴዛ ተፈጸመ ማለት ነው።

ጥር የማን ነው?

የአፍሪካን ጉዳይ ለመረዳት ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። የአፍሪካ ዋንጫ በ1957 ሲጀመር ተጫዋቾቹ በአብዛኛው በየአገራቸው የሚኖሩ ነበሩ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፥ ማለት ካፍ፥ በ1965 አንድ ብሔራዊ ቡድን በውጭ አገር ከሚጫወቱት ከሁለት ሰው በላይ እንዳያሰልፍ ደንግጎ ነበር፤ ይህም ደንብ እስከ 1982 ቆየ። በዚያ ዘመን ውድድሩ በጥር ቢሆን በመጋቢት የሚከፋው የአውሮፓ ክለብ እምብዛም አልነበረም። ደንቡ ከተነሣና ብዙ አፍሪካውያን ወደ አውሮፓ ከሄዱ በኋላ ግን ጥር የጠብ ወር ሆነ፤ የአውሮፓ ሊጎች ከነሐሴ እስከ ግንቦት የሚጫወቱ ስለ ሆነ ጥር ለእነርሱ የሥራ እኵሌታ ነው።

«ታዲያ አፍሪካ ዋንጫዋን በሰኔና በሐምሌ ለምን አታደርገውም?» የሚል ሰው ይኖራል። ካፍ ይህንኑ ሞክሯል። በ2017 ውድድሩ ወደ ሰኔና ሐምሌ እንዲዛወር፥ ቡድኖቹም ከ16 ወደ 24 እንዲያድጉ ወሰነ፤ የ2019ኙም በግብፅ በዚያው ወራት ተደረገ። የሚቀጥለው ግን በካሜሩን ነበር። በካሜሩን ሰኔና ሐምሌ ዝናብ ሜዳውን የሚያጥለቀልቅበት ጊዜ ስለ ሆነ ውድድሩ ወደ ጥር ተመለሰ፤ በኮሮና ወረርሽኝም ምክንያት ዘግይቶ በ2022 ተካሄደ። ኮትዲቭዋርም በዝናቡ ምክንያት የ2023ቱን በጥር 2024 አደረገች። ሰማይን በአዋጅ ማገድ አይቻልምና በዚህ ማንም ማንንም ሊወቅስ አይገባም።

የሞሮኮው ውድድር ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የ2025ቱ ዋንጫ በሰኔና በሐምሌ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ በሞሮኮም በዚያ ወራት ጨዋታን የሚያቋርጥ ዝናብ የለም። ሆኖም በዚያው ጊዜ ፊፋ በአሜሪካ 32 ክለቦች የሚካፈሉበትን አዲስ የክለቦች የዓለም ዋንጫ አዘጋጀ፤ የሽልማቱም መጠን 1 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ስለዚህ የአፍሪካ ዋንጫ ቦታውን ለቆ ከታኅሣሥ 21 ቀን 2025 እስከ ጥር 18 ቀን 2026 ባለው ጊዜ ተደረገ። እንግዲህ አንድ አፍሪካዊ ተጫዋች በታኅሣሥ ከክለቡ ሲለይ ክለቡ የሚያጉረመርምበት ጊዜ፥ አንዱ ምክንያት በክለቦች በዓል የተያዘው ሰኔ እንደ ነበረ መዘንጋት የለበትም።

ይህም አልበቃም። በደንቡ መሠረት ተጫዋቾቹ ታኅሣሥ 8 ቀን መለቀቅ ሲገባቸው፥ ፊፋ ቀኑን ወደ ታኅሣሥ 15 አዛወረው። ከዚያ በፊት ለነበረው የካሜሩን ውድድርም ታኅሣሥ 27 ቀን 2021 የነበረው የመልቀቂያ ቀን እስከ ጥር 3 ቀን 2022 ተገፍቶ ነበር። ብሔራዊ ቡድኖቹ ለመዘጋጀት የነበራቸው ሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ወደ አንድ ሳምንት ወረደ። ውድድሩ በሞሮኮ በተጀመረበት ዋዜማ ደግሞ የካፍ ፕሬዚዳንት ፓትሪስ ሞትሴፔ፥ በየሁለት ዓመቱ ይደረግ የነበረው የአፍሪካ ዋንጫ ከ2028 በኋላ በየአራት ዓመቱ እንዲሆን መወሰኑን አስታወቁ።

ይህን ውሳኔ የሚደግፉም የሚቃወሙም አሉ። የሚደግፉት፥ ዋንጫው ብርቅ ሲሆን ዋጋው ይጨምራል፥ ጠቡም ይበርዳል ይላሉ። የሚቃወሙት ደግሞ፥ ለብዙ የአፍሪካ ፌዴሬሽኖች ይህ ውድድር ዋና የገቢ ምንጭና ሜዳና ስታዲዮም የሚሠራበት ምክንያት ነው ይላሉ። እኔ የምለው ከሁለቱ በፊት የሚመጣ ነገር ነው፤ ይኸውም ጠቡ ብዙውን ጊዜ በፍርድ ቤት ወይም በሜዳ ሳይሆን በቀን መቍጠሪያ ላይ የሚወሰን መሆኑ ነው። የቀን መቍጠሪያውን የሚጽፍ ሰው ጠቡን ሳይጀመር አሸንፎታል።

በመካከል ያለው ሰው

ስለ ክለብና ስለ ፌዴሬሽን ስንነጋገር ተጫዋቹን ራሱን እንረሳዋለን። አባቶቻችን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ብለዋል። የተጫዋቹ ነገር ግን ይህን ተረት ሳይቀር ይገለብጠዋል። እርሱ ሁለት ዛፍ ልውጣ አላለም፤ ሁለት ጌቶች አንዳንድ እግሩን ይዘው ወደየዛፋቸው የሚጐትቱት ሰው ነው።

የካሜሩኑን ጆኤል ማቲፕን እንውሰድ። ማቲፕ ከ2015 ወዲህ ለአገሩ አልተሰለፈም ነበር፤ ለ2017ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ሲጠራም ለመሄድ አልፈለገም። ፌዴሬሽኑም ስሙን ከዝርዝሩ ውስጥ ስላስገባ፥ ክለቡ ሊቨርፑል የዚያችን የደንብ ቅጣት ፈርቶ ፊፋ እስኪወስን ድረስ አላሰለፈውም። ፊፋ በጥር 20 ቀን 2017 ነጻ እስኪያደርገው ድረስ ሰውየው ለአገሩም ለክለቡም የማይጫወት ሆኖ ሰነበተ። ካሜሩን ግን ብዙ የታወቁ ተጫዋቾች ጥሪዋን ሳይቀበሉ በቀሩበት በዚያው ውድድር በፍጻሜው ግብፅን 2 ለ 1 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ከዚህ የምንማረው፥ በፈቃዱ የመጣ ሰው ተጐትቶ ከመጣ ታዋቂ ሰው እንደሚበልጥ ነው።

በ2008 ደግሞ የባርሴሎና፥ የሻልከና የቬርደር ብሬመን ክለቦች፥ የኦሊምፒክ ጨዋታ በዓለም አቀፉ የጨዋታ የቀን መቍጠሪያ ውስጥ ስላልተጻፈ ተጫዋቾቻችንን ለመልቀቅ አንገደድም ብለው፥ በስዊስ አገር በሎዛን ላለው የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት አመለከቱ። ፍርድ ቤቱም በነሐሴ 6 ቀን ለክለቦቹ ፈረደ። ሆኖም ባርሴሎና የተፈረደለትን መብት ትቶ ሊዮኔል ሜሲ በቤጂንግ እንዲቆይ ፈቀደ። አርጀንቲናም በፍጻሜው ናይጄሪያን 1 ለ 0 አሸንፋ ወርቁን ወሰደች፤ ሜሲም ወደ ክለቡ ደስ ብሎት ተመለሰ። በሕግ የሚገባን ሁሉ ማስፈጸም ሁልጊዜ ትርፍ እንዳልሆነ ይህ ምስክር ነው።

በወረርሽኙ ዘመን፥ በመስከረም 2021፥ ነገሩ ወደ አስቂኝነት ደረሰ። የእንግሊዝ ክለቦች፥ ሲመለሱ በለይቶ ማቆያ የሚዘጋባቸውን ተጫዋቾች አንለቅም አሉ። የብራዚል ፌዴሬሽንም ተጫዋቾቹን ያልለቀቁትን ክለቦች በ5 ቀን ቅጣት ሊያስይዝ ፈለገ፤ በመጨረሻው ሰዓት ተስማሙ። ብራዚል ከአርጀንቲና በሳኦ ፓውሎ በገጠሙ ጊዜ ደግሞ፥ ጨዋታው ገና እንደ ተጀመረ የጤና ጥበቃ ሠራተኞች ሜዳ ገብተው አስቆሙት፤ ምክንያቱም ከእንግሊዝ የመጡ አራት አርጀንቲናውያን ተጫዋቾች የማቆያውን ደንብ አልጠበቁም የሚል ነበር። ክለብ፥ ፌዴሬሽንና መንግሥት በየበኩላቸው ሕግ ይዘው ሲመጡ፥ ኳሷ ብቻዋን ሜዳ ላይ ቀረች።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በግልጽ የማይነገር ጉዳት አለ። ሁለት የሚመጣጠኑ ወጣቶች ለአንድ ክለብ ቢቀርቡ፥ አንደኛው በየሁለት ዓመቱ በሥራ እኵሌታ ለአንድ ወር የሚሄድ፥ ሁለተኛው የማይሄድ ቢሆን፥ የክለቡ ገንዘብ ያዥ ማንን እንደሚመርጥ ለመገመት ሒሳብ ዐዋቂ መሆን አያስፈልግም። ይህ ምርጫ በየትኛውም ደብዳቤ ላይ አይጻፍም፤ ስለዚህ አቤት የሚባልበት ቦታም የለም።

የሁለቱም ወገን ስስት

አሁን ክለቦች፥ «ተጫዋቾቻችን ደከሙ» ሲሉ እንሰማለን። እውነት ነው፤ ደክመዋል። የተጫዋቾች የሠራተኛ ማኅበር የሆነው ፊፍፕሮ ከአውሮፓ ሊጎች ጋር ሆኖ ፊፋ የቀን መቍጠሪያውን ብቻውን ይወስናል ብሎ በጥቅምት 2024 ለአውሮፓ ኮሚሲዮን አቤቱታ አቅርቧል። ዳሩ ግን ጨዋታን ያበዛው ማን ነው? የዓለም ዋንጫ ከ2026 ጀምሮ ከ32 ወደ 48 ቡድኖች፥ ከ64 ወደ 104 ጨዋታዎች እንዲያድግ የወሰነው ፊፋ ነው። በሌላው በኩል የአውሮፓ ሻምፒዮኖች ሊግ ከ2024 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ክለብ በመጀመሪያው ዙር ከ6 ወደ 8 ጨዋታ ከፍ ሲል፥ ታላላቆቹ ክለቦች ገቢውን ጠልተው አላለቀሱም። ወደ አሜሪካው የክለቦች ዋንጫም የሄዱት ተገድደው ሳይሆን ሽልማቱን ፈልገው ነው።

እንግዲህ ሁለቱም ወገን ከአንድ ማሰሮ ይቀዳሉ። ማሰሮው የአንድ ወጣት ጉልበት ነው፤ እርሱም በዓመት ከ365 ቀን በላይ የለውም። ከ2026 ጀምሮ የመስከረምና የጥቅምት የብሔራዊ ቡድን ጊዜያት ተጣምረው 16 ቀን የሚፈጅ አንድ ጊዜ እንዲሆኑ መደረጉ፥ መመላለሱን ስለሚቀንስ ጥሩ እርምጃ ነው። ሆኖም ይህ የሚያሳርፈው እግርን ሳይሆን አውሮፕላንን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

አንባቢ፥ «ይህ ሁሉ የሊቨርፑልና የባርሴሎና ጉዳይ ለእኛ ምናችን ነው?» ይል ይሆናል። ኢትዮጵያ ከካፍ መሥራቾች አንዷ ናት። በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን ስንወስድ፥ ያን ቡድን ያሠለጠኑት ይድነቃቸው ተሰማ የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ሰው ነበሩ። ኋላም ከ1972 እስከ 1987 የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው አፍሪካን በዓለም መድረክ ወክለዋል። በእርሳቸው ሕይወት ክለብና አገር የተጣሉ አልነበሩም፤ አንዱ ለሌላው መሰላል ነበር።

ከ31 ዓመት በኋላ በጥር 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ወደ ውድድሩ በተመለስን ጊዜ፥ ሳላዲን ሰዒድን የመሰሉ ጥቂቶች ከውጭ ክለብ ቢመጡም፥ አብዛኞቹ ተጫዋቾቻችን ከአገር ውስጥ ክለቦች የተውጣጡ ነበሩ። ስለዚህ የእኛ ችግር መልኩ ይለያል። በአውሮፓ ሊጉ ይቀጥላል፥ ተጫዋቹ ይጐድላል፤ በእኛ አገር ደግሞ ለብሔራዊ ቡድን ዝግጅት ሲባል ሊጉ ራሱ የቆመባቸው ጊዜያት ጥቂት አይደሉም። ሊጉ ሲቆም ክለቡ ለሁሉም ተጫዋች ደመወዝ ይከፍላል፤ ከሜዳ የሚገኘው ገቢ ይቋረጣል፤ ለብሔራዊ ቡድን ያልተመረጠውም ወጣት ሳይጫወት ይሰነብታል። በአገር ውስጥ ሊግ ለሚጫወቱ ብቻ በተዘጋጀው ቻን በሚባለው ውድድር በተካፈልንባቸው ጊዜያት ደግሞ ሸክሙ በሙሉ ያረፈው በአገር ክለቦች ላይ ነበር።

ከክለቦቻችንም ብዙዎቹ የከተማ አስተዳደር ወይም የመንግሥት ድርጅት ክለቦች ናቸው። «ስለዚህ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ነው፤ ካሣ ምን ያስፈልጋል?» የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። ይህ ክርክር የሚያታልል ይመስለኛል። የማንም ያልሆነ ኪሣራ ማንም አይቈጥረውም፤ ያልተቈጠረም ኪሣራ በየዓመቱ ያድጋል።

ወደ ቢሮ ለገባን ለእኛ ለወጣቶቹ ሠራተኞች እዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት አለ። መጀመሪያ ነገር የጥሪ ደብዳቤን ማክበር ነው። ፌዴሬሽን ከ15 ቀን በፊት ያልላከው ደብዳቤ፥ አገር ብትጠራበትም፥ በሕግ ፊት ጥሪ አይደለም። ዛሬ በውጭ አገር የተወለዱና የሚጫወቱ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ለብሔራዊ ቡድን ለማምጣት ስንመኝ፥ ምኞታችን በአንድ የዘገየ ደብዳቤ ሊከሽፍ እንደሚችል ማወቅ ይገባናል።

ሁለተኛው፥ የሊጉ የቀን መቍጠሪያ ወቅቱ ሳይጀመር ከዓለም አቀፉ ጋር ተመሳክሮ እንዲወጣና በየጊዜው እንዳይቈራረጥ ማድረግ ነው። የፊፋ ቀናት አስቀድመው የታወቁ ናቸው፤ ድንገት የሚወርዱ መብረቆች አይደሉም። ሦስተኛው፥ በብሔራዊ ቡድን ልብስ የሚጎዳ የአገር ውስጥ ተጫዋች ሕክምናውንና ደመወዙን ማን እንደሚችል አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን ነው። ጋቪ ሲወድቅ ማን እንደሚከፍል ሳይወድቅ ታውቆ ነበር፤ የእኛም ልጅ ሲወድቅ ሰዎች ዙሪያውን ቆመው ማን ይክፈል እያሉ መከራከር የለባቸውም። አራተኛውም፥ የቀን መቍጠሪያ በሚጻፍበት ስብሰባ ላይ ደንቡን አንብቦ የሚከራከር ሰው መላክ ነው። በጭብጨባ የሚስማማ መልእክተኛ ወጪውን ጨርሶ ይመለሳል።

ሰሞኑን ወደዚያው ሻይ ቤት ስሄድ ሁለቱን ወዳጆቼን አገኘኋቸውና ይህንኑ ነገርኋቸው። «ስለዚህ ማን ረታ?» አለኝ የባንክ ሠራተኛው። «ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ረትታችኋል» አልሁት። «ክለቡ ዋጋውን ማግኘቱ ተገቢ ነው፤ አገርም ሰውዋን ማግኘቷ ተገቢ ነው። ‹ተጫዋቹ የማን ነው?› ብለን መጠየቃችን ነው ያሳሳተን። የተጫዋቹ ጌታ ራሱ ነው። መጠየቅ የነበረብን፥ ቀኑን የሚወስነው ማን ነው፥ አደጋውንስ የሚሸከመው ማን ነው ብለን ነው።»

የሕጉ ተማሪ ጥቂት አሰበና፥ «እንግዲያውስ እኔ ስመረቅ የምገባበትን ሥራ ነገርኸኝ» አለ፤ «የቀን መቍጠሪያ መጻፍ!» ሳቅን። ነገሩ ግን ለሳቅ ብቻ የተባለ አይመስለኝም። ዋንጫ የሚወሰደው በሜዳ ነው፤ ወደ ሜዳው የሚያደርሰው መንገድ ግን በአንድ ወጣት ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ፥ በጊዜው በተጻፈና በጊዜው በተላከ ደብዳቤ ይጀመራል።